የዴስክቶፕ መተግበሪያን ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች ማዘጋጀት

የዴስክቶፕ መተግበሪያን በዕብራይስጥ ወይም በዐረብኛ ማቅረብ የሚፈልግ ባለሙያ ቃላቱን አስተርጉሞ ጽሑፉን ወደ ቀኝ ቢያስጠጋ ሥራው ያለቀ ሊመስለው ይችላል። አንባቢው ግን ገጹን ማየት የሚጀምረው ከቀኝ ስለሆነ ምናሌው፣ የጎን ሰሌዳውና የሂደት ማሳያው ጭምር በመስታወት እንደታየ ምስል መገልበጥ አለባቸው።

መተግበሪያው ኪውቲ (Qt) በተባለው የመተግበሪያ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ ትርጉሙን ሳይጠብቁ «ሪቨርስ» (-reverse) በተባለው የትእዛዝ መስመር አማራጭ ያስነሡት። አማራጩ ለሙከራ ብቻ የታሰበ ቢሆንም ጉድለቱን ወዲያው ያጋልጣል፤ ቦታቸውን ኪውቲ የሚያደራጅላቸው ክፍሎች ራሳቸው ጎን ሲቀይሩ፣ በፒክስል ቁጥር የተተከሉት ባሉበት ይቀራሉና መጠገን ያለባቸው እነዚህ ናቸው። ጂቲኬ (GTK) በተባለው ሌላ የመተግበሪያ መሥሪያ ደግሞ ኅዳግን «ግራ» እና «ቀኝ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «መነሻ» እና «መጨረሻ» በሚሉት ባሕርያት መወሰን ይሻላል።

ሁሉም ነገር ግን አይገለበጥም። ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስት ይዞራል፤ ሰዓት፣ የድርጅት አርማና የሙዚቃ ማጫወቻ ምልክት ሳይገለበጡ ይቆያሉ። የስልክ ቁጥር መሙያም ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን፤ አለበለዚያ በክፍተት የተለያዩት የቁጥሩ ክፍሎች ቅደም ተከተላቸው ይዛባል።

ከሁሉ የሚከብደው ሁለት አቅጣጫዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ነው። ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው በሚነበብበት ቅደም ተከተል ሲሆን በስክሪን ላይ የሚደረድረው የዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚወክለው መስፈርት) የሁለት አቅጣጫ ስልት ነው፤ ስለዚህ ፊደላትን በራስዎ ኮድ ፈጽሞ አይገልብጡ። የፊደላችን ምንጭ የሆነው የጥንቱ የደቡብ ዐረቢያ ጽሑፍ በአብዛኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፍ የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ያውቀዋል። በእስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በዕብራይስጥ ገጽ ላይ ፋይሉን «ሰላም!» ብሎ ቢሰይመውና ስሙ በዕብራይስጥ መልእክት መካከል ቢገባ፣ ቃለ አጋኖው የራሱ አቅጣጫ ስለሌለው የዙሪያውን ተከትሎ ከ«ሰ» በስተግራ ይታያል። አራት ነጥብ ግን በዩኒኮድ እንደ ፊደል የጸና አቅጣጫ ስላለው አይዘልም፤ በአራት ነጥብ ብቻ የሞከረ ሰው ስሕተቱን ሳያየው የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከውጭ የሚገባውን እያንዳንዱን ስም በማይታዩ ምልክቶች መነጠል ነው፦ ከፊቱ የዩኒኮድ ቁጥር U+2068፣ ከኋላው U+2069 ይግቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኒኮድ 6.3 የተጨመሩት እነዚህ ምልክቶች ስሙን ከዙሪያው ለይተው፣ አቅጣጫውን በውስጡ ካለው የመጀመሪያ ፊደል እንዲወስድ ያደርጉታል። ምልክቶቹን መልእክቱ በሚታይበት ቦታ ብቻ ያስገቡ፤ ወደ እውነተኛው የፋይል ስም ከዘለቁ ተጠቃሚው ስሙን በትክክል ቢተይብም ፋይሉ አይገኝለትም።