ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ስትገጣጥሙ አትሳሳቱ

ባሕር ዳር ለሳይክል የተሠራች ከተማ ናት። ከፔዳ ግቢ ፖሊ ግቢ፣ ከሰፈር ገበያ፣ መንገዱ ሜዳ ነው። ታዲያ 21 ማርሽ ምን ይሠራል? እኔም እንዲህ ብዬ አንድ አሮጌ የተራራ ሳይክል ገዛሁ፤ ማርሹን ነቅዬ ባለ አንድ አደረግሁት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጠምኩት። ሦስቱንም ጊዜ ጣጣው ዕቃው ላይ አልነበረም። አንዱ ዕቃ ከሌላው የሚገጥምበት ቦታ ላይ ነው የተሸወድኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ቴላዮውን፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚታሰርበትን የሳይክሉን አካል፣ ሳያዩ መግዛት ነው። ቀለሙን ተዉትና የኋላ ጎማው ዘንግ የሚገባበትን አፍ እዩ። አፉ ጋደም ወይም ሰያፍ ካለ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስባችሁ ሰንሰለቱን ማጥበቅ ትችላላችሁ። አፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተከፈተ ግን ጎማው ወዲያም ወዲህም አይልም። የኔው እንዲህ ነበር። ሰንሰለቱ ረገበ። አንድ ቀን አደባባይ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ባጃጅ ባለበት፣ ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። እግሬን መሬት ላይ ጥዬ ነው የዳንኩት። እንዲህ ያለ ቴላዮ ካላችሁ የድሮውን የኋላ ማርሽ መቀየሪያ አትጣሉት። በራሱ ትናንሽ ብሎኖች አንድ ቦታ ላይ ስታቆሙት ሰንሰለት ወጣሪ ሆኖ ያገለግላል። ሌላ ወጪ የለውም።

ውጥረቱንም አታብዙት። እንደ ክራር ክር የተወጠረ ሰንሰለት ኩሽኔታውን ይበላል። የፊቱ ጥርስ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ፣ ብዙ ጊዜ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ አዙሩና በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ላይ ሰንሰለቱ በጣት ሲነካ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ካለ በቂ ነው።

ሁለተኛው፣ ጥርሶቹን ሳያስተካክሉ መግጠም። የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ከኋላ በርከክ ብላችሁ አንድ ዓይን ጨፍኑና እዩ። ሰንሰለቱ ከጎበጠ ይንጫጫል፣ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ይወልቃል። እግረ መንገዳችሁን ውፍረቱንም እዩ። የባለ ብዙ ማርሽ ሰንሰለት በወፍራም ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ሰፊው ግን በቀጭኑ ጥርስ ላይ ይሄዳል።

ሦስተኛው ጉራ ነው፤ የወጣት ስህተት። ፊት 44፣ ኋላ 16 ጥርስ አሰርኩ። በ26 ኢንች ጎማ አንድ ሙሉ ዙር ስትረግጡ 5 ሜትር ከ70 ገደማ ትሄዳላችሁ። ያስደስታል፤ ከሐይቁ ንፋስ እስኪነሳ ድረስ። ኋላውን ወደ 18 ቀየርኩት። አሁን በአንድ ዙር 5 ሜትር ነው። በደቂቃ 70 ዙር ከረገጥኩ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። ለሥራ ይህ ይበቃል፤ ላብም አያጠምቅም። ወደ ቤዛዊት ሽቅብ ግን ወርጄ እገፋለሁ፤ አላፍርም። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ግን የኔን ቁጥር አትውሰዱ። እዚያ ዳገቱ ሌላ ነው። 36 በ18 ሞክሩ፤ ወይም ማርሹን አትንቀሉ፣ ጉልበታችሁን ለሌላ ነገር ትፈልጉታላችሁ።

ጎማ ላይ ደግሞ «28 ስጠኝ» ብሎ መግዛት አለ። ለወንድሜ ሳይክል እንዲያ ብዬ ገዛሁ፤ ቤት ስደርስ ጎማው ቸርኬው ላይ አልወጣ አለ። በካቻቢቴ ስታገል ከመነዳሪውን በሳሁት። ወስጄ ለአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ሳሳያቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይኸ ጎማ ለዚህ ቸርኬ አልተወለደም» አሉኝ። ለካ 28 የሚባለው ከአንድ በላይ ነው። የድሮው ትልቁ ሳይክል ቸርኬ 635 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዘመኑ 622። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን አይገባም። 26ም እንደዚሁ 559 አለ፣ 590 አለ። ጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ «47-622» የሚል ተጽፏል። ሁለተኛውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙና ሱቅ ሂዱ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ ያን ቀን ይቺን ተረት እናቴ ሁለት ጊዜ ተረተችብኝ።

የግራ ፔዳል ብሎን የሚጠብቀው በግራ ዞሮ ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት ያጠበቁ ሰዎች የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ልጠው ጥለዋል። ሁለቱም ፔዳሎች ወደ ሳይክሉ ፊት ሲዞሩ ይጠብቃሉ፤ ይህን ብቻ አስታውሱ። ስትገጥሙ ግራሶ ቀቡት፤ አለበለዚያ ከዓመት በኋላ አይፈታም።

ፍሬን ነገር ላይ ግን እቆጣለሁ። «አንድ ማርሽ፣ አንድ ፍሬን» የሚሉ ልጆች አሉ። ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው ፍሬን ሰንሰለቱ ሲወልቅ አብሮ ይጠፋል። ሁለት ፍሬን፣ የፊቱ የግድ። ቸርኬያችሁ ብረት ከሆነ ደግሞ በሐምሌ ዝናብ ላስቲኩ ይንሸራተታል፤ የምትይዙት ቀድማችሁ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ካገኛችሁ ለእሱ ገንዘብ አውጡ፤ መቀመጫው ይቆይ።

ፓራፋንጎና ካሪየር የሚታሰርበት ቀዳዳ ቴላዮው ላይ መኖሩንም ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። እኔ አላየሁም። ክረምቱን ሙሉ ጀርባዬ ላይ የጭቃ መስመር ይዤ ቢሮ ገባሁ፤ ካሪየሩንም እስከ ዛሬ በሽቦ አስሬዋለሁ። የጎረቤት ልጅ «አድርሰኝ» ሲለኝ ሽቦውን አሳየዋለሁ፤ በእግሩ ይሄዳል።