ይሄኛው ሣር እምቦጭ አይደለም፦ ሣሩን ሳትነቅሉ መልህቅ መጣል

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ለጣና ልጅ ውሃ ላይ ያለ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ጠላት ነው። በ2010 ዓ.ም. ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ ከወንድሜ ጋር እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ እምቦጭ ስነቅል ውያለሁ። ወገቤ ሳምንት ሙሉ አልተቃናም።

እና ከዓመታት በኋላ 19 ጫማ የምትረዝመውን አሮጌ ጀልባዬን ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎትቼ ክሪስፊልድ ወረድኩ። ክሪስፊልድ ከአሜሪካዋ ሜሪላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ቼሳፒክ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ራሷን የዓለም የክራብ (የሸርጣን) ዋና ከተማ ብላ ትጠራለች። ዓሣ ሳጠምድ ቆይቼ መልህቄን ስስብ አንድ እቅፍ ሣር ይዞልኝ ወጣ። ደስ አለኝ! ለአገሬው ሰዎች ውሃቸውን ያረምኩላቸው መስሎኝ ነበር።

አጠገቤ የክራብ ወጥመድ የሚያነሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሞተራቸውን አጥፍተው ተጠጉኝ። አልተቆጡም። «እስቲ ባልዲው ላይ አራግፈው» ብቻ አሉኝ። አራገፍኩት። የጣት ጥፍር የሚያህሉ ክራቦች፣ ገላቸው እንደ መስታወት የሚያሳይ ሽሪምፖች፣ ክር የመሰለ አንድ ዓሣ። ክራቦቹን አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። «የመጪውን ዓመት ገበያዬን ነው የነቀልከው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ቅዳሜና እሑድ ጀልባ የሚከራዩ፣ አንዳንዴም ተዋጥተው የሚገዙ ሐበሾች በዝተዋል። መልህቅ እንዴት እንደሚጣል ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስረዳንም።

ሣሩ ምንድን ነው? እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ ነው። ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብርሃን ይከለክላል። ይሄኛው የአገሬው ነው። ሥሩን አሸዋና ጭቃ ውስጥ ሰዶ ከታች ይኖራል፣ ብርሃን ካላገኘ ደግሞ ይሞታል። ክሪስፊልድ አካባቢ በብዛት ያሉት ኢልግራስና ዊጀንግራስ የሚባሉት ናቸው። ክራብ ቅርፊቱን ሲቀይር ገላው ለስላሳ ስለሚሆን ሁሉም ይበላዋል፤ የሚደበቀው እዚህ ሣር ውስጥ ነው። ሥሩም አፈሩን ጨብጦ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1972 አግነስ የተባለችው አውሎ ነፋስ ያመጣችው ጎርፍና ደለል ብዙውን አጥፍቶታል። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያም ውሃውን አደፍርሶ ብርሃን ይነሳዋል። የሚገርመው፣ ጣና ላይ እምቦጭን የሚያፋፋውም ያው ማዳበሪያ ነው።

መልህቅ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን በእጃችን ያለው እሱ ነው። ደግሞ ሣር ላይ የተጣለ መልህቅ አይዝም! የእኔ ዳንፎርዝ የሚባለው ነው፤ ሁለት ጠፍጣፋ ምላስ ያለው፣ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ የምታዩት። አሸዋና ጭቃ ውስጥ እንደ ማረሻ ይሰምጣል። ሣር ላይ ግን ምላሱ መካከል ሣር ይጠቀጠቅበትና እንደ በረዶ ሸርተቴ ይንሸራተታል። የዚያን ቀን አንድ ቦታ የቆምኩ መስሎኝ ስንት ሜትር እንደተጎተትኩ አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ዋናው ነገር ጥልቀት ነው። የቼሳፒክ ውሃ ድፍርስ ስለሆነ ብርሃን ሩቅ አይወርድም። ስለዚህ አብዛኛው ሣር የሚገኘው ከ2 ሜትር ባነሰ ውሃ ውስጥ ነው። እኔ ውሃው ጎድሎ እንኳ 8 ጫማ (2.4 ሜትር ገደማ) ከሌለው ቦታ መልህቅ አልጥልም። ይህቺ አንዷ ልማድ ብቻ ከችግሩ አብዛኛውን ትፈታለች። ጣሊያን፣ ስፔን ወይም ፈረንሳይ ያላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ሜዲትራኒያን ጥርት ያለ ነው። እዚያ ያለው ፖሲዶኒያ የሚባለው ሣር እስከ 40 ሜትር ይወርዳል፣ ወደ ጎን የሚያድገው ደግሞ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የስፔኖቹ የባሌሪክ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ2018 በላዩ መልህቅ መጣልን በሕግ ከልክለዋል። እናንተ በጥልቀት ሳይሆን በዓይን ነው የምትመርጡት፤ ጠቆር ያለው ሣር፣ ነጣ ያለው አሸዋ። አቡ ዳቢ ላላችሁም ያው ነው። የባሕር ላም የሚሏት ዱጎንግ የምትግጠው የዚሁን ዓይነት ሣር ነው።

ከቤት ሳልወጣ ካርታ አያለሁ። የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ የቼሳፒክን ሣር ከአውሮፕላን ፎቶ እያነሳ ካርታ ይሠራል። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የቅርቡን ዓመት ተመልከቱ፣ ሣሩ ከዓመት ዓመት ቦታ ይቀያይራልና።

ቦታው ስደርስ ደግሞ አንድ የድሮ መርከበኞች ዘዴ አለኝ። እርሳስ ክብደት በገመድ አስሬ፣ ሥሩን ሳሙና እቀባዋለሁ። እነሱ ሞራ ነበር የሚቀቡት። ወደ ታች ሰድጄ መታ መታ አደርግና አወጣዋለሁ። አሸዋ ከተጣበቀበት ሸጋ። ጭቃም ይሁን። የሣር ቅጠል ይዞ ከመጣ ወይም ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ እደግመዋለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች። ፀሐይ ከኋላችሁ ሆኖ የውሃ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የፖላራይዝድ መነጽር ካደረጋችሁ ጥልቀት በሌለው ቦታ ጥቁር ጥቁሩን ማየትም ትችላላችሁ።

ቀጥሎ የገመድ ሒሳብ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰስተው። ውሃው 8 ጫማ ነው እንበል። ክሪስፊልድ በቀን ሁለቴ ውሃው ወደ 2 ጫማ ያህል ከፍ ይላል፤ 10 ሆነ። ከውሃው እስከ ጀልባዬ አፍንጫ 2 ጫማ አለ፤ 12። በ7 አባዙት፦ 84 ጫማ ገመድ። ቀኑ ጸጥ ካለና ምሳ በልታችሁ የምትነሱ ከሆነ 5 እጥፍ ይበቃል፣ 60 ጫማ። ገመድ ሲያጥር መልህቁ ወደ ላይ ይሳባል፤ ተነቅሎ እየዘለለ መሬቱን ይቧጥጣል። ሲረዝም ወደ ጎን ስለሚሳብ ጠልቆ ይነክሳል። እኔ በየ10 ጫማው ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ፣ በግምት ከመቁጠር ይሻላል።

ግን አስተውሉ። 84 ጫማ ገመድ ለቀቃችሁ ማለት ነፋስ ሲዞር ጀልባዋ ያን ያህል ክብ ትዞራለች ማለት ነው። መልህቁ ጋ ያለው ሰንሰለትም አብሮ ይዞራል፤ ከታች ሣር ካለ እንደ መጥረጊያ ይጠርገዋል። ስለዚህ መልህቁ የወደቀበት ነጥብ ባዶ መሆኑ አይበቃም፣ ዙሪያውም ባዶ ይሁን። ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት፣ በተለይ በሐምሌ፣ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሊለወጥ ይችላል። ትንበያውን እዩ።

ስትጥሉ አትወርውሩ። ፊልም ላይ ነው የሚወረወረው። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ እስክትቆም ጠብቁ፣ ከዚያ መልህቁን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። መሬት ሲነካ ገመዱ ላላ ይላል። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲወስዳችሁ ገመዱን ልቀቁ፣ ሲያልቅ እሰሩት፣ ሞተሩን ወደ ኋላ በትንሹ ንኩት። ከዚያ የብስ ላይ በአንድ መስመር የሚታዩ ሁለት ነገሮች ምረጡ፤ ዛፍና ከኋላው የውሃ ታንከር ለምሳሌ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከተለያዩ እየተጎተታችሁ ነው። ገመዱን ሁልጊዜ ከፊት እሰሩ። ትንሽ ጀልባ ከኋላ ታስራ ማዕበል ከመጣ ውሃ ገብቶባት ትሰምጣለች፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ስትነሡም ያው ጥንቃቄ ነው። ገመዱን ከሩቅ ሆናችሁ አትጎትቱ። በሞተር ቀስ ብላችሁ ወደ መልህቁ ሂዱ፣ ገመዱን እየሰበሰባችሁ። ቀጥ ብሎ ከላያችሁ ሲሆን ወደ ላይ ሳቡት። በአንድ ጉድጓድ ገብቶ በዚያው ጉድጓድ ይውጣ። ሣር ይዞ ከመጣ እዚያው አራግፉና ቦታውን ጂፒኤሱ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ሌላ ቀን እንዳትመለሱበት።

የቀረችው ሞተሯ ናት። ጥልቀት የሌለው ቦታ ገብታችሁ ከኋላ ውሃው ቡና ከመሰለ፣ ፕሮፔለሩ ሣሩን ከነሥሩ እያረሰው ነው። ነዳጅ ሰጥቶ ማለፍ አይሞከርም። አጥፉ፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንሡ፣ በዘንግ እየገፋችሁ ውጡ። ጣና ላይ ታንኳ ሲገፉ እያየሁ አድጌ፣ እዚህ ለዘንግ ብር ማውጣት ሞት ነበር የመሰለኝ። ከአትክልት መሸጫ 12 ጫማ ቀርከሃ ገዛሁ። እዚህ የተወለደው ልጄ የመጀመሪያ ቀን ሲያየኝ፣ «አባዬ፣ ሞተሩ ተበላሽቶ ነው?» አለኝ። አልተበላሸም አልኩትና ዘንጉን ሰጠሁት። ገና ሦስቴ ሳይገፋ ጀልባዋን በክብ አዞራት።