የትራፊክ ፕላን ላይ ከመፈረማችሁ በፊት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አምና የወንድሜን ባጃጅ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ፣ አንድ ፒክአፕ ከኋላ ገጨበት። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ለካ፣ የአደጋውን ሪፖርት ከነፕላኑ (ከቦታው ንድፍ ጋር) ጻፈ። ወንድሜም ፈረመ። በኋላ ወረቀቱን ይዘን ኢንሹራንስ ስንሄድ የገጪው መኪና ሰሌዳ አልገጠመም። 3 መሆን የነበረባት ቁጥር 8 ሆና ተጽፋለች። እሷን ለማስተካከል አንድ ወር ተኩል ተመላለስን። ባጃጁ ያን ሁሉ ጊዜ ጋራዥ ቆሞ ነበር። ቤተሰቡ የሚበላው ደግሞ ከሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ሳያነቡ መፈረም ነው። ሰው ደንግጦ፣ ፀሐዩ አናቱን እየጠበሰው፣ መንገዱ ተዘግቶ ክላክስ ሲጮህበት “ፈርሜ ልገላገል” ይላል። አትቸኩሉ። የሁለቱንም ተሽከርካሪ ሰሌዳ ከነኮዱ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩን፣ የመድን ድርጅቱን ስም ራሳችሁ እያያችሁ አመሳክሩ። ሰዓቱንም እዩ። “ከቀኑ 8 ሰዓት” እና “ከሌሊቱ 8 ሰዓት” የአንድ ቃል ልዩነት ናቸው፤ አንዱ ግን ጠራራ ፀሐይ፣ ሌላው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ስህተት ካያችሁ እዚያው፣ ፖሊሱ ሳይሄድ ተናገሩ። በትህትና ከተጠየቀ የሚያስተካክል ብዙ ነው።

ብዙ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ንድፉን፣ ማለትም ፕላኑን፣ ያልፈዋል። እኔ ግን ከጽሑፉ ይልቅ ፕላኑን አስቀድሙ እላለሁ። ፕላኑ ላይ የመንገዱ ስፋት፣ ተሽከርካሪዎቹ የመጡበት አቅጣጫ፣ የተጋጩበት ነጥብ፣ የቆሙበት ቦታ፣ የፍሬን ምልክት ካለ እሱም ይቀመጣል። ልኬቱ የሚነሳው ከማይንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ከመብራት ምሰሶ ወይም ከአስፋልቱ ጠርዝ። መጀመሪያ የእናንተ መኪና የትኛው እንደሆነ ለዩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የተጋጨንበት ነጥብ ከመሃል መስመሩ በየትኛው ወገን ነው? ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ደንገጎ ላይ፣ እዚያ ጠመዝማዛው ላይ፣ አንድ ሜትር ወዲህና ወዲያ መሆኑ የማን መስመር ተጣሰ የሚለውን ይወስናል። ለዚህም ነው ሰው የሚያድን ነገር ካልሆነ በቀር መኪናውን ሳይለካ አታንቀሳቅሱ የሚባለው።

ሌላው “ፖሊስ ጥፋተኛ ብሎኛል፣ አለቀልኝ” ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ “ርቀት ባለመጠበቅ” ወይም “ቅድሚያ በመከልከል” ተብሎ የሚሰፍረው የመርማሪው አስተያየት ነው። ከባድ ማስረጃ ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። ፍርድ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፣ እናንተም ምስክርና ፎቶ ማቅረብ ትችላላችሁ። በተቃራኒው ደግሞ “ምክንያቱ አልተለየም” የሚል ሪፖርት ይዞ የሚደሰት አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገምታል፤ የአንደኛው ጥፋት እስካልተረጋገጠ ድረስ እያንዳንዱ ባለቤት የጉዳቱን ግማሽ ይሸከማል። ከኋላ የተገጨ ሰው ግማሽ ከፋይ ሲሆን አስቡት። ባለንብረቶችም “እኔ አልነዳሁም፣ ሹፌሬ ነው” አትበሉ፤ ያው ሕግ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል።

“ተወው፣ እንስማማ” የሚለውን ልማዳችንን እወደዋለሁ። የድሬ ሰው ቂም አያውቅም። ግን ለተጫረ ቀለም እንጂ ሰው ለተጎዳበት አደጋ አይሆንም። በዚያች ሰዓት “ደህና ነኝ” ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን አንገቱን ማዞር ሊያቅተው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የተደረገው የሦስተኛ ወገን መድን ያለ ፖሊስ ሪፖርት ምን ይዞ ይከፍላል? ሪፖርቱ “ቀላል ጉዳት” ብሎ ሕመሙ ከባሰ፣ ከድል ጮራም ሆነ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል የወሰዳችሁትን የሕክምና ማስረጃ ወደ ጣቢያው ወስዳችሁ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ።

ከድሬ ወደ ሐረር የምትመላለሱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ አጭር መንገድ ድሬዳዋን፣ ኦሮሚያንና ሐረሪን ታልፋላችሁ። መዝገቡ ያለው አደጋው በደረሰበት አካባቢ ፖሊስ ዘንድ ነው፤ ድሬ ገብታችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ከሆነ ወረቀቱ በኦሮምኛ ሊጻፍ ይችላል። የማታነቡ ከሆነ የምታምኑት ሰው ቃል በቃል እስኪያስረዳችሁ አትፈርሙ።

መዘግየትም አለ። ለመድን ድርጅታችሁ በውሉ በተቀመጠው ጊዜ ውስጥ አስታውቁ። ካሳ በፍርድ ቤት መጠየቅ ካስፈለገ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ያላችሁ ሁለት ዓመት ነው። ሽምግልናው እየተጎተተ ያ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ። ሪፖርቱንም ከነፕላኑ ኮፒ አድርጉና ለጋራዥ ኮፒውን ስጡ፤ ዋናው ቤት ይቀመጥ።