«አንድ መስመር ነው ያሳየኝ»፦ በቤት ውስጥ የእርግዝና ምርመራ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ የእርግዝና መመርመሪያ ማግኘት አይቸግርም። ፒያሳም ሂጂ አዘዞ፣ ፋርማሲ አይጠፋም። የሚቸግረው መጠየቁ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ሁሌ አየዋለሁ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሽንት ምርመራው አለ?» ይላሉ። ቦርሳ ውስጥ ከተት፣ ከዚያ ውልቅ። አጠቃቀሙን ላስረዳ ስል በሩ ጋ ደርሰዋል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቸኩሎ መመርመር

ከሁሉም የበዛው ይኼ ነው። ቅዳሜ ግንኙነት ተደርጎ ሰኞ ጠዋት ምርመራ። አንድ መስመር ይወጣል (አንድ መስመር እርግዝና የለም፣ ሁለት መስመር አለ ማለት ነው)፣ «ተመስገን» ተብሎ ይረሳል።

በሁለት ቀን ውስጥ መመርመሪያው የሚያየው ነገር የለም። እርግዝና ከተፈጠረ ፅንሱ ማህፀን ላይ የሚጣበቀው እንቁላሉ ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን ደም ውስጥ መታየት የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ነው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። መመርመሪያው የሚፈልገው ይህንኑ ሆርሞን ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ የወር አበባሽ መምጣት ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑ የሚዛባብሽ ከሆነ ደግሞ ያለ መከላከያ ካደረግሽው የመጨረሻ ግንኙነት 21 ቀን ቁጠሪ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 99 በመቶም የሚሠራው ወር አበባ ከቀረ በኋላ፣ ያውም በትክክል ለተጠቀመ ሰው ነው። አንድ መስመር አይተሽ ወር አበባሽ አሁንም ከቀረ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። «የለም» የሚል ውጤት «አለ» ከሚለው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

በወሩ ቀን መቁጠር

«እኔ ሁሌ በ20 ነው የማየው» የሚሉ አሉ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። የብዙ ሴቶች ዑደት ግን 28 አካባቢ ነው፤ ከ21 እስከ 35 ቀን ያለውም ጤነኛ ነው። ዑደትሽ 28 ከሆነ የምታይበት ቀን በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየቀደመ ይመጣል። ጳጉሜ ስትገባ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ይደባለቃል። ነሐሴ 20 ያየች ሴት ቀጣዩን የምትጠብቀው መስከረም 13 ነው፤ ነሐሴ 10 ቀን ቀርቶታል፣ ጳጉሜ 5፣ መስከረም 13፣ ድምሩ 28። መስከረም 20 እስኪደርስ ዝም ብላ ከጠበቀች ሳምንት ሙሉ አልፏታል።

ወር አበባሽ የጀመረበትን የመጀመሪያ ቀን ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ጭንቀት፣ ሕመም ወይም የክብደት መቀነስም ሊያዘገየው ይችላል፤ የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ ሴት ደግሞ ጭራሽ ላታይ ትችላለች። መቅረቱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፣ መምጣቱም እንደዚያው። ከወትሮው ያነሰ፣ ጠብ ጠብ ያለ ደም አይተሽ «ፔሬዴ መጣ» ብለሽ አትዝጊው፤ ተመርመሪ።

«ሴፍ ቀን ነው፣ አላረግዝም» ማለት

የወንድ ዘር ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል። እንቁላል ደግሞ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ገደማ ነው ዕድሜዋ። እንቁላል የምትወጣው ቀጣዩ ወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ዑደቷ 21 ቀን የሆነች ሴት እንግዲህ በ7ኛው ቀን አካባቢ ናት። ደሟ ሊቆም ሲል ያደረገችው ግንኙነት ሊያስረግዛት ይችላል።

ማውጣትም (ወንዱ ሳይጨርስ መውጣቱ) መከላከያ ተብሎ የሚታመንበት አይደለም። በዚህ ዘዴ ብቻ አንድ ዓመት ከሚቆዩ 100 ጥንዶች 20 ያህሉ ጋ እርግዝና ይፈጠራል። ፖስትፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ድንገተኛ መከላከያ) በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥር በተሻለ ይሠራል። ግን ለነገው ግንኙነት አይጠብቅም፣ የተፈጠረ እርግዝናም አያቋርጥም። ወር አበባን ስለሚያዛባም፣ ከሳምንት በላይ ከዘገየብሽ ተመርመሪ።

የምታጠቡ እናቶችም አደራ። ጡት ማጥባት በደንብ የሚከላከለው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ ልጁ 6 ወር ካልሞላው፣ ወር አበባ ካልተመለሰ፣ ከጡት በቀር ምንም ካልቀመሰ። ውኃ ወይም አብሽ እየተሰጠው ከሆነ በዚህ መተማመን አይቻልም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ሌላ መከላከያ ተነጋገሩ፤ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

አወሳሰድና አነባበብ ላይ

የጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይሻላል፤ ሌሊቱን የተጠራቀመ ስለሆነ ሆርሞኑ አልቀጠነም። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተሽ፣ ውኃ ደርበሽበት ማታ ብትመረምሪ፣ በተለይ እርግዝናው ገና ከሆነ ላያሳይ ይችላል። ቡናው ራሱ ውጤት አይቀይርም፣ ፈሳሹ ብዛቱ ነው።

ማሸጊያውን የምትከፍቺው ልትጠቀሚበት ስትይ ብቻ ይሁን። ስትሪፑ ላይ ካለው የቀስት ምልክት አታሳልፊ። የሚያበቃበትን ቀን እዪ። ብዙዎቹ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባቸው፤ ጎንደር ብዙም አያሳስብም፣ ወደ መተማ ይዘሽ ከወረድሽ ግን ፀሐይ ላይ አትተዪው።

ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ አንብቢው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ጥለሽው ሄደሽ ከሰዓታት በኋላ ብትመለሺ፣ ሽንቱ ሲደርቅ ግራጫ የሆነ መስመር ልታይ ትችያለሽ፤ ያ ውጤት አይደለም። በጊዜው የወጣ ቀለም ያለው መስመር ግን ደብዛዛም ቢሆን አዎንታዊ ነው። «ሲ» (C) ያለበት ቦታ መስመር ካልወጣ መመርመሪያው ተበላሽቷል፤ ሌላ ግዢ።

ስኳር፣ ጨው፣ የጥርስ ሳሙና ሽንት ላይ ጨምሮ መመልከት ምንም አይነግርሽም። አንቲባዮቲክም ሆነ የመከላከያ ክኒን መውሰድሽ ውጤቱን አያበላሸውም። ለመካንነት ሕክምና የኤችሲጂ መርፌ ከተወጋሽ ግን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ ውጤቱን አትመኚ።

ሁለት መስመር አይቶ መቀመጥ

መመርመሪያው እርግዝና አለ ይላል እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። ከማህፀን ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ ቱቦው ላይ የተቀመጠ እርግዝናም ሁለት መስመር ያወጣል። ስለዚህ ሁሉም ደህና ቢመስልሽም 12 ሳምንት ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክትትል ጀምሪ። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። እስከዚያ ኮሶም ሆነ ሌላ መድኃኒት በራስሽ አትውሰጂ።

በአንድ በኩል የሚወጋ የሆድ ሕመም፣ ደም፣ ማዞር ወይም ራስ መሳት፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ካለ ግን ይነጋልኝ ማለት የለም። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊነጥቅ ይችላል። ባለሽበት ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ብቻሽን አትሂጂ። ማፈርሽን ተይና መመርመሪያው ሁለት መስመር እንዳሳየሽ ገና በር ላይ ንገሪያቸው።