አዲሱ ሎጎ ተወገዘ፤ ይመለስ ወይስ ይጽና?

ሎጎ ቀይሮ ያልተወቀሰ ድርጅት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወቀሳ መብዛቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የወቀሳው ዓይነት ግን ይናገራል። አንዱ «አላማረኝም» ይላል፣ ሌላው «የእናንተ መሆኑን አላወቅሁም» ይላል። የመጀመሪያው ቅሬታ በጊዜ ይበርዳል፣ ሁለተኛው ገበያ ያሳጣል።

የብርቱካን ጭማቂ አምራቹ ትሮፒካና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ስትሮ የተሰካበትን ብርቱካን ከማሸጊያው ላይ አንስቶ በብርጭቆ የተቀዳ ጭማቂ ተካበት። ገዢው ዓይኑ የለመደውን ምልክት ከመደርደሪያው ላይ አጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽያጩ 20 በመቶ ገደማ ወረደና የቀድሞው ማሸጊያ ተመለሰ። ኢንስታግራምም በሜይ 2016 ቡናማዋን ካሜራ በባለ ቀለም ምስል ሲተካ ብዙ ተሳልቆበታል፤ አርማው ግን በመሠረቱ እስካሁን ያው ነው።

ከመውጣቱ በፊት

ሎጎውን ከዚህ ቀደም ላላዩ ከ20 እስከ 30 ደንበኞች ለ5 ሰከንድ ብቻ አሳይታችሁ ሰውሩት። ከዚያ «ምን አነበባችሁ? የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወደዳችሁት ወይ?» ማለት አያስፈልግም፤ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስላየው ነገር የሚሰጠው የጣዕም ፍርድ አይጸናም። ከአምስቱ አንዱ ከተሳሳተ ሥዕሉ ገና ነው። የኪያ መኪና አርማ በ2021 ሲለወጥ ፊደላቱ ስለተያያዙ ብዙ ሰው «ኬኤን» (KN) ብሎ አንብቦ፣ በዚያው ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጎታል። የ5 ሰከንዱ ሙከራ የሚያጠምደው እንዲህ ያለውን ስሕተት ነው።

ቀጥሎ ወደ 16 ፒክስል አሳንሱት፣ ቀለሙን አውጥታችሁ በጥቁርና ነጭ እዩት፣ ገልብጡት፣ በክብ ፍሬም ውስጥ ቁረጡት። የቤት ኪራይ አገናኙ ኤርቢኤንቢ በ2014 አርማውን ሲያወጣ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ክፍል ጋር ያመሳሰሉት እጅግ ብዙ ነበሩ። እንዲህ ያለውን መመሳሰል ከሥራው ውጪ ያሉ አሥር ሰዎች ቀድመው ያዩላችኋል። የሚንቀሳቀስ ቪዲዮ ካለው ብልጭታው በሰከንድ ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ። የለንደን 2012 ኦሊምፒክ አርማ በ2007 ሲተዋወቅ አንድ የቪዲዮው ክፍል የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳል ተብሎ እንዲነሳ ተደርጓል።

መመለስ የሚያስገድደውን ልክ ከወዲሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፦ ስንት ደንበኛ «እናንተው ናችሁ?» ብሎ ቢደውል፣ ሽያጩ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ምን ያህል ቢያንስ፣ የሚወስነውስ ማን ነው? ይህ ካልተጻፈ በግርግሩ መሐል ውሳኔው በጣም የደነገጠው ሰው እጅ ይገባል።

የለውጡን ቅደም ተከተልም አስቡበት። በአንድ ቀን ሊመለስ የሚችለው ድረ ገጽና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይቅደም፤ የሕንፃ ላይ ጽሑፍና የመኪና ቀለም ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆዩ። ማሸጊያ ከሆነ መጀመሪያ በጥቂት መደብሮች ብቻ ሞክሩት።

በሚወጣበት ቀን

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አሳዩ፤ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩ። ስለ ቅርጹ ፍልስፍና አትጻፉ፣ ለመሳለቂያ የሚወሰደው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ያልተለወጠውን በግልጽ ጻፉ፦ ዋጋው፣ ባለቤትነቱ፣ የምርቱ ይዘት፣ የቀድሞው አርማ ያለባቸው ካርዶችና ሰነዶች ማገልገላቸው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ያወጣው አርማ የጥንቱን ማኅተም ለመተካት የታሰበ አልነበረም። ሕዝቡ ግን ማኅተሙ የተተካ መሰለው፤ ከ50,000 በላይ የተቃውሞ ፊርማ ተሰብስቦ በዲሴምበር አርማው ተነሳ። «ማኅተሙ በቦታው ነው» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ምስል ጋር አብሮ መውጣት ነበረበት።

የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት

ከላይ የሚታዩትን አስተያየቶች ብቻ አታንብቡ፤ ወደ ላይ የሚወጡት ብዙ ምላሽ የሳቡት፣ ማለትም የተናደዱትና የቀለዱት ናቸው። በየአሥሩ አንዱን እየወሰዳችሁ 200 አስተያየት ሰብስቡና በአራት ክፈሉ፦ ቀልድ፣ ጣዕም፣ ግራ መጋባት፣ የመከዳት ስሜት።

ቀልዱን ተዉት። ለጣዕሙ ታገሡ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንትስ በ1968 እንዳሳየው ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ወደ መውደድ ያዘነብላል። ግራ መጋባት ግን ከ200ው 10 ቢሆን እንኳ ቀላል አይደለም። ለእያንዳንዱ መልስ ስጡ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ሦስቴ ከመጣ ማብራሪያውን በገጹ አናት ላይ አስቀምጡ።

የመከዳት ስሜት ከሌሎቹ ይለያል። የሚነሳው ሕዝቡ ምልክቱን የራሱ አድርጎ ሲቆጥር ነው፣ ጊዜም አያበርደውም። ሊድስ ዩናይትድ በጃንዋሪ 2018 ደረቱን በጡጫ የሚመታ ደጋፊ የሚያሳይ አርማ ሲያቀርብ ከ50,000 በላይ ሰው በተቃውሞ ፈረመ፤ ክለቡም ተወው። ክለብ፣ ትምህርት ቤት፣ ከተማ ከሆናችሁ ከደጋፊው ጋር የምትመካከሩት ንድፉ ከመጀመሩ በፊት ነው።

አስተያየት አትሰርዙ፤ የተሰረዘው በፎቶ ተይዞ ይመለሳል። «እስቲ እናንተ ንድፍ አምጡ» አትበሉ። የልብስ ነጋዴው ጋፕ በኦክቶበር 2010 ነጭ ፊደል የተጻፈበትን ሰማያዊ ካሬ ሲለውጥ ተቃውሞ ተነሳበትና፣ የሕዝቡን ሐሳብ እንቀበላለን አለ። ቃሉ የራሱን ሥራ ራሱ እንደማያምንበት አስቆጠረው፤ ሳምንት ሳይቆይም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ለመመለስ ከወሰናችሁ

በቀናት ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ ተመለሱ። የአሜሪካው ምግብ ቤት ክራከር ባረል በኦገስት 2025 በርሜል የተደገፈውን ሰውዬ ከአርማው አንስቶ በሳምንት ገደማ መልሶታል። ግማሹን ከአሮጌው ግማሹን ከአዲሱ ማዳቀል ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል።

ካልተመለሳችሁ ደግሞ በየሳምንቱ አትነካኩት። የ5 ሰከንዱን ሙከራ በ30ኛውና በ90ኛው ቀን ደግማችሁ ቁጥሮቹን አነጻጽሩ። የአሮጌውን አርማ ፋይሎችና የንግድ ምልክት ምዝገባ ጠብቁ፣ ከተቻለም በአንድ ምርት ላይ እየተጠቀማችሁ አቆዩት። በአሜሪካ ምልክት ሦስት ተከታታይ ዓመት ካልተሠራበት እንደተተወ ሊቆጠር፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አምስት ተከታታይ ዓመት ካልተሠራበት ሊሰረዝ ይችላል።