ማውጫ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፦ የአማርኛ የሳይንስ መማሪያ በጋራ ጽፎ በነፃ ማሰራጨት

በኢንተርኔት በጋራ የሚጻፍ መማሪያ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ጸሐፊ አጥቶ አይደለም። አሥራ ሁለት ምዕራፍ ያለው ማውጫ ይወጣል፤ ምዕራፎቹ ለሰው ይከፋፈላሉ፤ ሁሉም ግማሽ ግማሹን ጽፎ በዚያው ይቀራል። እናንተ በአንድ ምዕራፍ ጀምሩ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። እሱ ተጽፎ፣ ታርሞ፣ በተማሪ ተፈትኖ፣ ወጥቶ ይነበብ። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቂት ወጣት የፊዚክስ ሰዎች በ2002 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ተሰባስበው የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻፍ ጀመሩ። ሥራው በኋላ ሲያቩላ በሚባል ድርጅት ሥር አድጎ፣ የአገሪቱ መንግሥት መጻሕፍቱን አሳትሞ ለተማሪዎች ያከፋፈለው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አሥር ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

ፈቃዱ ይቅደም

አንድ አንቀጽ ከመጻፉ በፊት ሥራው በምን ፈቃድ እንደሚወጣ ወስኑ። ክሬቲቭ ኮመንስ ሰው ሥራውን ሌሎች በነፃ እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድባቸው ዝግጁ የፈቃድ ዓይነቶች ናቸው፤ ከእነሱ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚስማሙት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጸሐፊውን ጠቅሶ እንደፈለጉ መጠቀም የሚያስችለው ነው። ሁለተኛው ጸሐፊውን ከመጥቀስ በተጨማሪ፣ አሻሽሎ የሚያወጣው ሰው ሥራውን በዚያው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድደው ነው። ዊኪፔዲያ የሚሠራው በሁለተኛው፣ በ4.0 ቅጂው ነው። ከዊኪፔዲያ አንቀጽ ለመውሰድ ካሰባችሁ የእናንተም ምርጫ ይኸው ይሁን።

«ለንግድ አይውልም» የሚለው ቃል ያለበት ፈቃድ ለጆሮ ደስ ይላል፤ እኛ ግን አንመክርም። ትምህርቱን አትሞ የገጠር ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በገጽ ያስከፍላል። ሕጉን የሚፈራ መምህር አላሳትምም ሊል ይችላል። ሌላም ችግር አለ። የኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌርና የካን አካዳሚ ትምህርቶች የሚወጡት ለንግድ በማይውል ፈቃድ ነው። ከእነሱ የተወሰደን ጽሑፍ ከዊኪፔዲያ ከተወሰደ ጋር አዋሕዶ አንድ ምዕራፍ ማድረግ አይቻልም፤ ሁለቱ ፈቃዶች እርስ በርስ ይጣላሉ። ነፃ የመማሪያ መጻሕፍት በሚያወጣው ኦፕንስታክስ ላይም ፈቃዱ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ስለሚለያይ የእያንዳንዱን መጽሐፍ የፈቃድ ገጽ ክፈቱ። በነፃ ማውረድ መቻሉ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍን ገጽ በስልክ አንስቶ ሥዕሉን መለጠፍም አይፈቀድም።

ከዚያ እያንዳንዱ ተሳታፊ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብሎ በጽሑፍ ያረጋግጥ፦ «ያዋጣሁት ጽሑፍ፣ ሥዕልና ሠንጠረዥ በሙሉ በተስማማነው ፈቃድ እንዲሰራጭ ተስማምቻለሁ፤ ከሌላ ያመጣሁት ካለ ምንጩን አስመዘግባለሁ።» ይህ መስመር ትንሽ ይመስላል። በአገራችን የቅጂ መብት ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የጸሐፊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጸናል። ሁለት ገጽ ጽፎ የጠፋ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በስልክ ካልተገኘ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ልትለውጡት የማትችሉት ሁለት ገጽ በመጽሐፋችሁ መሃል ይኖራል።

«ኃይል» የሚለው ቃል

የቃላት ሰንጠረዥ ሳይኖር የተጻፈ የፊዚክስ ምዕራፍ እንዴት እንደሚበላሽ በአንድ ቃል ማየት ይቻላል። የስበት ኃይል እንላለን፤ የፀሐይ ኃይል እንላለን፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም እንላለን። የመጀመሪያው የሚለካው በኒውተን፣ ሁለተኛው በጁል፣ ሦስተኛው በዋት ነው። ሦስት ጸሐፊዎች ሦስቱንም «ኃይል» ብለው ከጻፉ ተማሪው ቀመሩን ሲያይ ግራ ይጋባል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። በኒውተን ለሚለካው «ጉልበት»፣ በጁል ለሚለካው «አቅም»፣ በዋት ለሚለካው «ኃይል» ብላችሁ ለዩ። ሌላ ምርጫ ካላችሁም ችግር የለውም፤ ዋናው ነገር በሰንጠረዡ መመዝገቡና ከዚያ በኋላ ማንም በግሉ አለመቀየሩ ነው። ሰንጠረዡ አራት ዓምድ ይኑረው፦ የአማርኛው ቃል፣ የእንግሊዝኛው፣ መለኪያው፣ አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። እንግሊዝኛው የሚያስፈልገው ተማሪው ቢዘገይ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ነው፤ ያኔ ያወቀውን እንደ አዲስ መማር የለበትም።

የፊደል አጻጻፍም እዚሁ ይወሰን። ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ቃላት ናቸው። ተማሪው በአንዱ ቢፈልግ በሌላው የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። ለአራት ነጥብም ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። ሲታይ ያው አራት ነጥብ ነው፤ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን ለሁለት ሊከፈልና ግማሹ ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ይችላል። ከመውጣቱ በፊት ፈልጎ በመተካት መሣሪያ ሁሉንም አንድ ላይ አስተካክሉ፤ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከድሮ ፋይል የሚገለበጥ ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ የተጻፈ ካልሆነ በሌላ ሰው ስልክ ላይ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣል። እንደ አዲስ መተየብ ይሻላል። ለኅትመት አቢሲኒካ ሲል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ተጠቀሙ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ፒዲኤፍ ስታወጡም ፊደሉ አብሮ መታሸጉን አረጋግጡ፤ ካልታሸገ አንባቢው ባዶ ሳጥን ብቻ ሊያይ ይችላል።

ሙከራውን ሠርታችሁ ጻፉ

ከውጭ መጽሐፍ የተተረጎመ ሙከራ እዚህ ላይሠራ ይችላል። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለውን አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በቴርሞሜትር ቢሞክር 92 ገደማ ያገኛል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለችና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ድሬዳዋ 96 አካባቢ ይሆናል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ ከ100 ትንሽ ያልፋል። ምዕራፉ ይህን ካልተናገረ ተማሪው ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ከተናገረ ግን የትምህርቱ ምርጥ ክፍል ይሆናል።

በቤት ዕቃ የሚሠራ ሙከራ ስትጽፉ መጠኑን፣ ዕቃውንና ስሕተቱን አብራችሁ ጻፉ። ፔንዱለምን እንውሰድ። አንድ ዳዶ በክር ታስራላችሁ፤ ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ዳዶው መሃል ልክ 1 ሜትር ይሁን። ወደ ጎን ትንሽ፣ ከ10 ዲግሪ ሳያልፍ ስባችሁ ልቀቁት፤ 10 ምልልስ 20 ሰከንድ ይፈጃል። ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው ሲለቀው «አንድ» ብሎ መቁጠር ሲጀምር ነው። ያኔ የተቆጠረው 9 ምልልስ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱ 18 ያሳያል፤ ከዚያ የሚሰላው የስበት ፍጥነት ለውጥ 9.8 መሆኑ ቀርቶ 12.2 ይመጣል። መፍትሔው ሲለቁት «ዜሮ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ የሚችለው ሙከራውን በእጁ የሠራ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሙከራ፣ ከጻፈው ሰው ሌላ አንድ ሰው ጽሑፉን ብቻ እያነበበ ሳይሠራው አይውጣ።

ማን ምን ይሥራ

ለአንድ ምዕራፍ አምስት ሰው ይበቃል፦ ጸሐፊ፣ የሙያ አራሚ፣ የቋንቋ አራሚ፣ ሠዓሊ፣ ሙከራ ፈታሽ። የሙያ አራሚውና የቋንቋ አራሚው አንድ ሰው አይሁን፤ ይዘቱን የሚያውቅ ሰው ሻካራውን ዓረፍተ ነገር ሳያስተውል ያልፈዋል። ረቂቁን በጉግል ዶክስ ስትሠሩ አራሚዎች በጥቆማ መልክ እንጂ በቀጥታ አይቀይሩ። ቀጥታ ከተቀየረ ጸሐፊው ምን እንደተነካበት ሳያውቅ ይከፋዋል፤ የሚያኮርፈውም እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ያለ መሐንዲስና ባሕር ዳር ያለ መምህር በአንድ ሰዓት አይነሱም፤ ስብሰባ ቀንሳችሁ ለእያንዳንዱ እርማት ቀነ ገደብ ስጡ። አንድ ሳምንት ይበቃል።

ቀመር ምስል ሆኖ አይግባ፤ በጽሑፍ ይግባ። አለዚያ ስሕተት ሲገኝ የሚያርመው አይኖርም። በሥዕሎቹ ላይ ቃል አትጻፉ፤ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቁጥር አድርጉና ትርጉሙን ከሥር ጻፉ። ነገ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ትግርኛ የሚመልሰው ሰው ሥዕሉን ሳይነካ ይጠቀምበታል። ቀይና አረንጓዴ መስመር የሚለይ ሥዕልም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፤ አንዱን ሙሉ፣ ሌላውን ቁርጥራጭ መስመር አድርጉት።

ማውጣት

አንባቢያችሁ ስልክ ነው የያዘው። ምስል ከ100 ኪሎባይት፣ ምዕራፉ በጠቅላላ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ መልካም ነው። ፒዲኤፉን ለኅትመት አስቀምጡ፤ ለስልክ ንባብ ግን ራሱን ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክል ድረ ገጽ ወይም ኢፐብ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ይሻላል። የፋይሉንና የአድራሻውን ስም በላቲን ፊደል አጭር አድርጉ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ላይ ወደ 9 ምልክት ሊቀየር ይችላል፤ «ፔንዱለም» የሚለው ባለ 5 ፊደል ቃል 45 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የተበላሸ ሊንክ ይመስላል። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ገጾቹ ያለ ኢንተርኔት ድረ ገጽ ለሚያስነብበው ኪዊክስ ለተባለ ፕሮግራም እንዲሆኑ ተዘጋጅተው በሜሞሪ ካርድ ይላካሉ።

ቴሌግራም ላይ አንዴ የተለቀቀ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል፤ አይሰበሰብም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቅጂው ቁጥር፣ ወሩና ዓመቱ፣ ፈቃዱና አዲሱ ቅጂ የሚገኝበት አድራሻ በጉልህ ይጻፍ። መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የታረመው ስሕተት ሁሉ በገጽ ቁጥር ይዘርዘር፤ አሮጌውን አትሞ የያዘ መምህር እንደገና ሳያሳትም በእስክሪብቶ ያርመዋል።