አጥቢያ የሚከፍል የድሮ ሕግ እንዴት ይነበባል? ቨርጂኒያን እንደ ምሳሌ

ቨርጂኒያ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ ሰፋሪው ወደ ገጠሩ በገፋ ቁጥር ምክር ቤቷ «እገሌ የሚባለው አጥቢያ ለሁለት ይከፈል» የሚል ሕግ ያወጣ ነበር። ብዙ ሰው እነዚህን ሕጎች ገረፍ አድርጎ ያልፋቸዋል። የወንዝና የተራራ ስም ድርድር ይመስሉታላ! እኔ ግን በዚያ ገጠር ማን ከፋይ፣ ማን አዛዥ እንደነበር ለማወቅ ከእነሱ ጀምሩ ነው የምለው።

ሕጎቹን ዊልያም ዋለር ሄኒንግ በ13 ቅጽ ሰብስቦ አሳትሟቸዋል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኟቸዋላችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ስታዩ ተጠንቀቁ። ከ1752 በፊት በእንግሊዝ ግዛቶች አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር፣ ፌብሩዋሪ 1730 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው የፈረንጆች አቆጣጠር 1731 ነው።

መግቢያው አጭር ነው። አጥቢያው ከመስፋቱ የተነሳ ነዋሪው ተቸግሯል ይላል። ወሰኑን ካርታ ላይ አስምሩትና እለፉ።

ዋናው ገንዘቡ ነው። አጥቢያ ማለት የአንግሊካን (የእንግሊዝ መንግሥታዊ) ቤተ ክርስቲያን ክፍል ቢሆንም መጸለያ ብቻ አልነበረም። ቬስትሪ የሚባል የ12 ሰዎች ጉባኤ ነበረው፤ ግብር ይጥላል፣ ድሃና ወላጅ አልባ ልጆችን ይመለከታል፣ በየ4 ዓመቱ የመሬት ድንበር በእግር እየተዞረ እንዲታይ ያደርጋል። ግብሩ የሚከፈለው በትምባሆ ነበር። ከ1696 ጀምሮ የአንድ ቄስ የዓመት ደመወዝ 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ነው፤ ከ7,000 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ አጥቢያው ለሁለት ሲከፈል ከፋዩ በሁለት ይካፈላል፣ አዲሱ አጥቢያ ግን የራሱን ሙሉ ቄስ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የቆየው ዕዳ በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ነው።

ከዚያ ማን እንደሚቆጠር እዩ። ግብር የሚጣለው 16 ዓመት በሞላው ወንድ ላይ ነበር፤ ከጥቁሮች ደግሞ በሴቶቹም ላይ። በባርነት የተያዙት ሰዎች በግብር መዝገብ ይቆጠራሉ፣ ትምባሆውን በጉልበታቸው ያመርታሉ፣ ቬስትሪ ሲመረጥ ግን ድምፅ የላቸውም። ሕጉ ይህንን በግልጽ አይነግራችሁም፤ «ባለ ይዞታዎችና ባለ ቤቶች ይምረጡ» ብሎ ያልፋል። ያን ሐረግ ስታገኙ ከውጭ የቀሩትን ቁጠሯቸው። ደግሞም ምርጫው አንዴ ነው። ከዚያ ወዲያ አንዱ ቢሞት ወይም ቢለቅ ምትኩን የሚመርጡት የቀሩት የቬስትሪ አባላት ራሳቸው ናቸው።

የ1738ቱን ሕግ መለማመጃ አድርጉት። ከብሉ ሪጅ ተራራ ማዶ ያለውን ሰፊ አገር ፍሬደሪክና ኦገስታ ብሎ ለሁለት አውራጃና ለሁለት አጥቢያ ከፈለው፤ ሰፋሪ ለመሳብም ለ10 ዓመት ግብር አቃለለላቸው። ኦገስታ ከገባው ሰው ብዙው ፕሬስቢቴሪያን ነበር፤ ከአንግሊካን የተለየ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ማለት ነው። ቢሆንም የአጥቢያ ግብር ሲጣል የራሳቸው ላልሆነ ቤተ ክርስቲያን መክፈል ነበረባቸው። እኔ ይሄ ትልቅ በደል ይመስለኛል።

ሕጉን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ አጥቢያው የቬስትሪ መዝገብ ሂዱ። ለምሳሌ በ1732 የተቋቋመው የትሩሮ አጥቢያ መዝገብ ታትሟል፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም የዚያ ቬስትሪ አባል ነበር። ማን ድሃ ተብሎ እንደተረዳ፣ ማንን ማን እንዳስጠለለ እዚያ ታገኛላችሁ። ከ1785 በኋላ ላለው ግን የአውራጃውን መዝገብ ፈልጉ፤ የድሆች ጉዳይ በዚያ ዓመት ሕግ ከቬስትሪ ወጥቶ ወደ አውራጃ ሹሞች ተዛውሯል።